መልክዓ ምድር ልናይ ወጥተን

ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አድርጎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ እጅግ ያምራል። የሄደበት ሰው ግን ሲመለስ የሚያወራው ስለ ቅቤ ዋጋ ነው።

«አየር ለመቀየር» የተነሳ መኪና ገና ከሰፈር ሳይወጣ አደራ ይጫንበታል። አክስት የሸኖ ቅቤ፣ ጎረቤት የደብረ ሲና ቆሎ፣ የቢሮ አለቃ የደብረ ብርሃን አረቄ፤ እሳቸው እንኳ «ለመድኃኒት ነው» ብለዋል። ብር የሰጠ የለም፤ «ስትመጡ እንተሳሰባለን።»

ሸኖ መጀመሪያ ስለሚገኝ ሁሉም ቅቤውን ሲሄድ ይገዛል። ሸኖ ብርድ ነው፤ ቅቤው ጠጥሮ ይገኛል። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማ በር ወደ 1,300 ሜትር ግድም ሲወረድ ግን ከመቀመጫ ሥር ቀልጦ ይፈስና ምንጣፉ ሁዳዴን ሙሉ ቅቤ ቅቤ ሲል ይከርማል። ቅቤ ሲመለሱ ነው የሚገዛው። ከላይ የሚቀመሰው መቼም ለጋ ነው፤ ቢላዋ እስከ መሃል ሰክቶ ጫፉን ማሽተት ይሻላል። ይህ ሁሉ ተደርጎም አክስት «ሾላ ገበያ ከዚህ ይረክሳል» ማለታቸው አይቀርም።

አረቄው በሃይላንድ ጠርሙስ ከተገዛ ከመጠጥ ውሃው ጋር አይቀመጥ፤ በተለይ በሹፌሩ በኩል።

ጣርማ በር ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ጋ ጉም ሊኖር ይችላል። ረጅም መብራት ጉሙ ላይ ነጥሮ ዓይን ስለሚወጋ አጭሩን ማብራት ነው። ከዋሻው ሲወጣ ቁልቁለት ነው፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ መኪናውን በሞተሩ መያዝ። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ዜሮ ላይ የሚያደርግ አይጠፋም። ፍሬኑ ይግላል፣ ሸራው ማረር ይጀምራል፤ ከኋላ የተቀመጡት ደግሞ «ደብረ ሲና ደረስን፣ ቆሎው ሸተተ» ይላሉ። ውሃ አይደፋበትም፤ የጋለ ዲስክ ድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሞ ማብረድ ነው። ገደሉና ጭላዳዎቹ የሚታዩትም ያኔ ነው፤ እሱም የሱፍ ቆብ ዋጋ የሚከራከር ካልተገኘ።

የጎረቤት ቆሎ ሸዋ ሮቢት ሳይደርስ ያልቃል። ሲመለሱ ሌላ ይገዛል፤ ያም ሸኖን አያልፍም። ስለዚህ ላስቲኩ አይጣል፤ ከሰፈር ሱቅ የተገዛ ቆሎ ይገባበታል።