ጠብቆ ነው ላልቶ?

ቨርጂኒያ ውስጥ ልቦለድ የማዳምጠው መኪና እየነዳሁ ነው። ሥራ ቦታዬ ለመድረስ አርባ ደቂቃ ይፈጅብኛል። መጽሐፉን ከሰፈሬ ቤተ መጻሕፍት በስልኬ እዋሳለሁ፤ ተራኪው ቀርፋፋ ከሆነ አፈጥነዋለሁ፣ ጭራሽ ካልጣመኝ በሦስተኛው ደቂቃ እመልሰዋለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ድምፀ ጎርናና ተራኪ ሴቶቹ በተናገሩ ቁጥር ድምፁን እያቀጠነ ቢያሰለቸኝ ምዕራፍ ሁለት ላይ አሰናበትኩት። ደራሲው ምን በደለ? መጽሐፉን እስከ ዛሬ በወረቀትም አላነበብኩትም።

እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረውና በጎ ፈቃደኞች የሚያነቡበት የድምፅ መጻሕፍት ድረ ገጽ፣ ሊብሪቮክስ፣ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። አንዱን ልቦለድ ብዙ ሰው ሊካፈለው ስለሚችል፣ ማታ የተኛው ባለታሪክ ጠዋት በሌላ ሰው ድምፅ ይነቃል። ነጻ ነውና አላማርርም።

በቅርቡ አዲስ አበባ ሄጄ ከለገሐር ወደ ፒያሳ ታክሲ ያዝኩ። ሬዲዮው ልቦለድ ይተርካል፤ ታክሲ ሙሉ ሰው አንድ ድምፅ ያዳምጣል። መምረጥ የለ፣ ማፍጠን የለ። ተራኪው ሽማግሌውን ሆኖ ሲያስነጥስ ከኋላዬ የተቀመጡ እናት ሳያስቡት «ይማርዎት» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ያንን ማስነጠስ መኪናዬ ውስጥ ብሰማው ኖሮ «አበዛው» ብዬ እመልሰው ነበር።

ብሔራዊ ቴአትርን ስናልፍ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ትዝ አለኝ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያ የተዋወቅሁት ከመጽሐፉ ጋር ሳይሆን ወጋየሁ በሬዲዮ ከተረከው ጋር ነው። በኋላ ገዝቼ ላነበው ስቀመጥ ጉዱ ካሣ በእኔ ድምፅ አልናገር አለ። ዓይኔ ገጹ ላይ፣ ጆሮዬ ወጋየሁ ዘንድ። ደራሲው የጻፈውን ሰው ልየው ብል ተራኪው በር ላይ ቆሟል። አንዳንዱ ይህንን እንደ ጉዳት ያየዋል፤ እኔ ግን ቅር ብሎኝ አያውቅም።

ለነገሩ የአማርኛ ተራኪ ሥራው ከባድ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ሰውየው ይመታል» ተብሎ ቢጻፍ መቺ ይሁን ተመቺ የሚለየው አንባቢው ነው። ተራኪው ፊደሎቹን ያለቦታቸው ካጠበቀ ዱላው ባለቤት ይቀይራል። አንድ ጊዜ ስልኬ አማርኛ እንዲያነብልኝ ሞክሬ ነበር። የልቦለድ ንግግር ሁሉ የሚዘጋበትን «አለ» እያጠበቀ አነበበው። «ቡና አፍሉልኝ» አለ፤ «ዝናቡ አባራ» አለ። ሰዎቹ የሚነጋገሩ ሳይሆን በስም ጥሪ ላይ ተገኝተው «አለሁ» የሚሉ መሰሉኝ። ድምፁ የጠራ ነበር፣ እንከን አይወጣለትም፤ ግን የሚለው ነገር አልገባውም። አፉ የሚኮላተፍ፣ ነገሩ ግን የገባው ተራኪ በስንት ጣዕሙ!

ፖስታ ቤት ጋ ስንደርስ የሬዲዮው ልጅ አባቷ ፊት ቆማ ልትናገር ነው። ይሄኔ እኚያ እናት «ወራጅ አለ!» አሉ። ረዳቱ በሩን ከፈተ። እናት አንድ እግራቸውን መሬት አሳርፈው፣ አንዱን ታክሲው ውስጥ እንዳለ ትተው፣ ጆሯቸውን ወደ ሬዲዮው አዘነበሉ። ሾፌሩም አልተጣደፈ፤ ከኋላ መኪና ጡሩንባውን ያንባርቃል፣ እሱ ልጅቷ የምትለውን ይጠብቃል። ተራኪው ግን ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ዝም አለ፤ ሙዚቃ ገባ።

«ምን አለችው?» አሉ እናት፣ እንደቆሙ።

«እማማ፣ ነገም አለ» አላቸው ረዳቱ፣ አጥብቆ።