ጡትን መልሶ መሥራት፦ «አያሰጋሽም» ሲባል ከየትኛው ስጋት?

በካንሰር ምክንያት ጡቷ የሚወገድባት ሴት ጡቱን መልሶ ስለመሥራት ስትጠይቅ ብዙ ጊዜ የምታገኘው መልስ «አያሰጋሽም» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። በጥያቄዋ ውስጥ ሁለት ስጋቶች ተጣምረዋል፤ አንዱ «አዲሱ ጡት ካንሰሩን ይመልስብኝ ወይም ቢመለስ ይሸፍንብኝ ይሆን?» የሚል ሲሆን፣ ሌላው «ቁስሉ በደህና ይሽርልኝ ይሆን?» የሚል ነው። ለፊተኛው ያለው የሚያጽናና ማስረጃ ለኋለኛውም መልስ ተደርጎ ስለሚወሰድ፣ ቀዶ ሕክምናው መቼ ይሁን የሚለው ትልቁ ውሳኔ በቅጡ ሳይመዘን ያልፋል ብዬ አምናለሁ።

የፊተኛው ስጋት ዕድሜው ረጅም ነው። የተመለሰ ካንሰር ከተሠራው ጡት ሥር ተደብቆ ያድጋል የሚለው ፍርሃት የቀዶ ሐኪሞችን እጅ ለአሥርት ዓመታት ይዞ ቆይቷል። ታካሚዎችን ለብዙ ዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ግን ጡትን መልሶ መሥራት ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉን እንደማይጨምር፣ ዕድሜንም እንደማያሳጥር ደጋግመው አሳይተዋል። ጡት ከተወገደ በኋላ በቦታው የሚመለስ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በቆዳውና ከቆዳው ሥር ባለው ስስ ሽፋን ላይ ስለሆነ፣ ከውስጥ ጡቱን ለመሙላት የሚቀመጥ የሲሊኮን ከረጢት ኖረም አልኖረ በእጅ ሲዳሰስ ይገኛል። ሊዘነጋ የማይገባው፣ ገጻቸው ሻካራ ከሆነ የሲሊኮን ከረጢቶች ጋር የተያያዘው፣ እምብዛም የማያጋጥም የሊምፎማ (የነጭ የደም ሕዋሳት ካንሰር) ዓይነት ነው፤ አለርጋን የተባለው አምራች ባዮሴል የሚባሉትን ምርቶቹን እ.ኤ.አ. በ2019 ከዓለም ገበያ የሰበሰበው በዚሁ ምክንያት ነበር።

ሁለተኛው ስጋት እንዲህ በቀላሉ የሚሰናበት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ በሰሜን አሜሪካ በ11 የሕክምና ማዕከላት 2,343 ሴቶችን ለሁለት ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ ከሦስቱ አንዷ ገደማ አንድ ዓይነት የጤና ችግር እንደገጠማት፣ ከአምስቱ አንዷ ገደማ በዚሁ የተነሣ ሌላ ቀዶ ሕክምና እንዳስፈለጋት፣ ከመቶ አምስት ያህሉ ደግሞ የተሠራላቸውን ጡት ጭራሹን እንዳጡት አሳይቷል። በእርግጥ ብዙዎች ይህን አውቀውም ይመርጡት ነበር። ነውሩ ሳይነገራቸው መምረጣቸው ነው።

የጊዜው ጉዳይ የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። ጡቱ በተወገደበት ዕለት መልሶ መሥራት የታወቀ ጥቅም አለው፤ የጡቱ ቆዳና የሥሩ እጥፋት ስለሚተርፉ ቅርጹ ያምራል፣ ሴቲቱም ስትነቃ ደረቷን ባዶ አታገኘውም። ይህን ጥቅም ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው የጨረር ሕክምና ነው። ጨረር ያረፈበት ቆዳ ይደድራል፣ ጥቃቅን የደም ሥሮቹ ይጎዳሉ፤ ሰውነት በሲሊኮኑ ዙሪያ የሚሠራው ጠባሳም እየጠበበ ሄዶ ጡቱን ያጠጥረዋል፣ ያሳምመዋል፣ አንዳንዴም ከረጢቱን እስከ ማስወጣት ያደርሳል። ጨረር ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም ለሚለው ጥያቄ ቁርጥ ያለው መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዕጢውና የብብት ንፍፊቶቹ ወጥተው በማይክሮስኮፕ ከታዩ በኋላ ነው። እንግዲህ ሴቲቱ ወስኚ የምትባለው ውሳኔዋን ሊለውጥ የሚችለው ወረቀት ገና ሳይጻፍ ነው።

ለዚህ የተገኘው ብልሃት ማስፋፊያ ነው፤ ጡቱ በወጣበት ዕለት ጥቂት ብቻ የተሞላ ከረጢት ከውስጥ ይቀመጥና የምርመራው ውጤት ይጠበቃል። ከዚያ በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ የከረጢቱ አፍ በማግኔት ይፈለግና በመርፌ ጨዋማ ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ ያን ዕለት ደረት የጠበበ ልብስ እንደለበሱ ያህል ይወጠርና በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ጨረር የሚያስፈልግ ሆኖ ሲገኝ፣ ከሆድ በሚወሰድ ቆዳና ስብ የሚሠራውን ዋናውን ሥራ ጨረሩ ካለቀ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ማቆየት የብዙ ቀዶ ሐኪሞች ልማድ ነው። ይህኛው ረጅም ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ሲሆን፣ ከሆድ የመጣው የደም ሥር ከደረቱ ጋር የሚሰፋው በማይክሮስኮፕ እየታየ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ነርሷ በየሰዓቱ እየመጣች አዲሱን ቆዳ በጣቷ ጫን ታደርግና ቀለሙ በስንት ቅጽበት እንደሚመለስ ታያለች፤ በትንሽ መሣሪያም የደሙን ድምፅ ታዳምጣለች። ድምፁ ከጠፋ ታካሚዋ በዚያው ሌሊት ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ልትመለስ ትችላለች።

ኬሞቴራፒም የራሱ ቀጠሮ አለው፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ90 ቀን በላይ ሲዘገይ በሕይወት የመቆየት ዕድል እንደሚቀንስ የሚያሳይ ጥናት አለ። ወዲያው የተሠራ ጡት አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናውን እዚያ ድረስ አያዘገየውም፤ ያመረቀዘ ወይም ጠርዙ የሞተ ቁስል ግን ሳምንታት ይበላል። ስለዚህ ለምታጨስ ወይም የደም ስኳሯ ላልተስተካከለ ሴት፣ ካንሰሩ ታክሞ ሰውነቷ እስኪያገግም መቆየት የፈሪ ምክር አይደለም።

እኔን የሚከነክነኝ «ማዘግየት» የሚለው ቃል እንደ ሽንፈት መደመጡ ነው። ካንሰር የሚለውን ቃል ከሰማች ሁለት ሳምንት ያልሞላት ሴት፣ ዛሬ ካልወሰነች ዕድሉ የሚያመልጣት እየመሰላት ትፈርማለች፤ ነገር ግን ጡት ከዓመታት በኋላም ሊሠራ ይችላል። ጡቱ ከመወገዱ በፊት የጨረር ሐኪሙና ጡቱን የሚሠራው ቀዶ ሐኪም አብረው ቢያናግሯት፣ ሁለቱንም ስጋቶች ለየብቻ ቢመልሱላት ሌላው ሁሉ ይቀላል። «የተፈጥሮውን ይመስላል» የሚሏትም የሚናገሩት ስለ መልኩ እንደሆነ፣ የመዳሰስ ስሜቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቀድሞው እንደማይመለስ ያን ጊዜ ልትሰማ ይገባል።

ጡት ጨርሶ ላለማሠራት የወሰነችም ብትሆን ይህን አስቀድማ ለቀዶ ሐኪሙ የምትነግርበት ቀጠሮ ያስፈልጋታል። «ነገ ሐሳቧን ብትለውጥስ» ተብሎ ትርፍ ቆዳ የተተወላት ሴት፣ ያልጠየቀችውን እጥፋት ለማስወገድ ዳግመኛ ማደንዘዣ መውሰድ ይኖርባታል።