ማስተካከያ፦ የፒንጌላፕን የዓይን ችግር ያመጣው አውሎ ነፋሱ አይደለም

ባለፈው ጽሑፌ ስለ ፒንጌላፕ ደሴት ሳወራ «አውሎ ነፋሱ ቀለም የማያዩ ሰዎችን ፈጠረ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ።

ፒንጌላፕ በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በማይክሮኔዥያ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። በ1775 እ.ኤ.አ. ገደማ ከባድ አውሎ ነፋስ መታት። ከአደጋውና ከተከተለው ረሃብ የተረፉት 20 ሰዎች ያህል ብቻ ነበሩ። ነፋስ ግን ጂን፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረሰውን የዘር መመሪያ፣ አይለውጥም። ከተረፉት አንዱ፣ በአገሬው ትውፊት ንጉሡ ራሱ፣ ቀለም ማየት የሚከለክለውን የተበላሸ ጂን ቀድሞም ተሸክሞት ነበር። እሱ አልታመመም፤ አንድ ቅጂ ብቻውን አያሳምምማ። ልጅ የሚታመመው ከእናትም ከአባትም ሲወርስ ነው። ከጥቂት ሰው የበቀለ ሕዝብ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ይዛመዳል። ችግሩም ከጥቂት ትውልድ በኋላ ብቅ አለ። በደሴቲቱ ሰዎች ዘንድ ከ100 ሰው ከ5 እስከ 10 የሚሆነው አለበት፤ ሌላ ቦታ ከ30,000 ሰው አንዱ ቢገኝ ነው።

«ቀይና አረንጓዴ ይምታታባቸዋል» ማለቴም ልክ አልነበረም። ችግሩ ያለባቸው ሰዎች ምንም ቀለም አያዩም። የቀን ብርሃን ደግሞ ያጥበረብራቸዋል፤ ዓይናቸውን እያርገበገቡና እያጨናበሱ ነው የሚውሉት። ሲመሽ ግን ይቀላቸዋል። በችቦ ብርሃን ዓሣ ማጥመድ ያውቁበታል።