ለጓንዡ ተጓዦች፦ የ240 ሰዓቱ ነገር እርማት ይፈልጋል

«ቻይና 240 ሰዓት ያለ ቪዛ ታስገባለች፤ የካንተን ፌር (ጓንዡ የሚካሄደው የንግድ ትርኢት) ግብዣ ከያዛችሁ ይበቃል» የሚለው ሲደጋገም አየሁ። በቅንነት እንደተጻፈ አልጠራጠርም፤ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን አይሠራም። ፈቃዱ ስማቸው ለተዘረዘረ አገሮች ዜጎች፣ ያውም ወደ ሦስተኛ አገር ለሚያልፉ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ዘመዳችሁ እንኳ ከአዲስ አበባ ጓንዡ ደርሶ መልስ ከቆረጠ በዚህ ፈቃድ አይገባም፤ ትራንዚት አይደለማ። ግብዣውም ለቪዛ ማመልከቻ የሚያያዝ ደብዳቤ እንጂ ቪዛ አይደለም።

እባካችሁ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ዝርዝሩን ከቻይና ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ተመልከቱ፣ ወይም አዲስ አበባ ያለውን ኤምባሲ ጠይቁ። ቪዛ የሌለው መንገደኛ የሚመለሰው ገና ቦሌ ላይ፣ ሻንጣው ሚዛን ላይ እንደተቀመጠ ነው።