ከባሩ ይልቅ ኩሽናው

መንገደኞች መኝታ ክፍልና ኩሽና ስለሚጋሩበት ርካሽ ማደሪያ፣ ስለ ሆስቴል፣ የጻፉ አንድ ጸሐፊ «ሆስቴል ውስጥ ከሌላ መንገደኛ ጋር ለመተዋወቅ ባሩ ጋ መቀመጥ ነው» ብለዋል። እኔ አልስማማም። ባሩ ጋ ከጩኸቱ የተነሳ ስም እንኳ አይሰማም። ሰው የሚገኘው የጋራው ኩሽና ውስጥ ነው። በርሊን ሳለሁ አንዲት ኮሪያዊት ጨው ልትዋሰኝ መጣች፤ ፓስታዬ ላይ ሚጥሚጣ ስነሰንስ አይታ ለእሷም እንድጨምርላት ሳህኗን አቀረበች። እኔ ውሃ ፍለጋ ስሮጥ እሷ ምንም አልመሰላትም! በማግስቱ ከተማውን አብረን ዞርን።

ሆስቴል ሲጀመርም የመጠጥ ቤት ነገር አልነበረም። ጀርመናዊው አስተማሪ ሪቻርድ ሺርማን እ.ኤ.አ. በ1912 አልቴና በምትባል የጀርመን ከተማ በሚገኝ ጥንታዊ ግንብ ውስጥ የከፈተው፣ በእግር ለሚጓዙ ወጣቶች ርካሽ ማደሪያ እንዲሆን ነው።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፌስታል የሚያንኮሻኩሹትን ግን እኔም አልተዋወቃቸውም።