ደርቢልኝ

መቼም ውለታ ቢስ አንባልም። ዘንቢል አንጠልጥሎ ገበያ ከመሄድ ውርደት የገላገለን ፌስታል ነው። እናቶቻችን ዘንቢሉን ይዘው ወጥተው ያንኑ ዘንቢል ይዘው ይመለሱ ነበር፤ አያሳዝንም? እኛ እጃችንን እያወናጨፍን ሄደን ስድስት ፌስታል ይዘን እንገባለን። ሽንኩርቱ ለብቻ፣ ቃሪያው ለብቻ፣ ሁለቷ ሎሚም ለብቻቸው። ሎሚና ቃሪያ በአንድ ፌስታል ቢያድሩ የሚመጣውን ማን ያውቃል!

ሕግ በማክበርማ የሚስተካከለን የለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳ ፌስታል ከለከለ። ሰምተናል። ታዲያ ሰፈራችን ጉሊት ቲማቲም ስገዛ ፌስታሉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ ባየው ጊዜ «እህቴ፣ ደርቢልኝ» አልኳት። አውራ ጣቷን ላስ አድርጋ የሌላውን ፌስታል አፍ ፈለቀቀች፣ ፉ ብላ ነፋችው፣ የመጀመሪያውን ከነቲማቲሙ ከተተችበት። 0.02 እና 0.02 ሲደመር 0.04! ከአዋጁም አልፈን ሄድን። ይህን ሒሳብ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አላየሁም።

እንዲህ 18 ዓመት ስንደርብ ከርመን፣ በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ፌስታልን የሚያግድ አዋጅ አጸደቀ፤ ሲጠቀም የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። እኔ በበኩሌ ኮራሁ። ቲማቲሙ ያላወጣውን ዋጋ መያዣው አወጣ!

ደግሞ «ብክነት ነው» የሚሉ አሉ። ከነዳጅ የተሠራ ጥሬ ዕቃ በዶላር ገዝተን፣ ባሕር አሻግረን፣ አቅልጠንና ነፍተን ስናበቃ ከጉሊት እስከ በራችን አሥር ደቂቃ እንገለገልበታለን። የአሥር ደቂቃ ድሎት ቀላል ነው እንዴ? ከዚያ በኋላስ መቼ ሥራ ይፈታል? ክረምት ሲገባ ቱቦውን ወትፎ መንገዱን ሐይቅ ያደርግልናል፤ ሐይቅ ለማየት ሐዋሳ ድረስ መሄድ ቀረ። የሃይላንዱማ ነገር ሌላ ነው፤ ፋብሪካው የፈለገው ይሁን፣ ስሙ ሃይላንድ ነው። ውሃው ሲያልቅ ዘይት ይገባበታል፣ ከዘይቱ በኋላ ጋዝ፤ በመጨረሻ ቁራሌው ይወስደዋል። ስንቱ ቤተሰብ እሱን ለቅሞ እንደሚያድር እያወቀ «ይከልከል» የሚል ሰው፣ ለለቃሚው ምን እንዳሰበለት ሲጠየቅ ስልክ ይመጣበታል።

ውለታው እስከ ማዕድ ነው። የፈላ ሽሮ ፌስታል ውስጥ ሲቋጠር ፌስታሉ ትንሽ ለስለስ፣ ትንሽ ጨምደድ ይላል፤ ከምግቡ ጋር ሲዋደድ ነው።

ባለፈው ፋሲካ የበጋችንን ጨጓራ ስንቀድ አንድ ጠጠር ያለ ነገር ቢላውን ያዘው። ሲታጠብ ፌስታል ነው፤ ጥቁርና ሰማያዊ ተጠቅልሎ ቡጢ አክሏል፣ አንዱ ቋጠሮው እንኳ አልተፈታም። ወዲያውኑ ጉሊታችን ትዝ አለኝ። እናቴ አየት አድርጋው «በሉ ይሄን የምጥልበት ፌስታል አቀብሉኝ» አለች።

ደርቤ ሰጠኋት።