ምስጋና ለታይዋን ደብተር

በፓስወርድ አያያዝ የሚሸልም ቢገኝ ዋንጫው ከድሬዳዋ አያልፍም ነበር። ሌላው ሰው ምስጢሩን የት እንደሚደብቅ ሲያስብ ያልበዋል፤ እኛ ላባችን ለሙቀቱ እንኳ ስለማይበቃን ጣጣውን ከሥሩ ነቅለን ጥለነዋል። አንደብቅም።

አሠራሩን ለማያውቅ እንግዳ እናስረዳ። እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብቶ ስልክ የገዛ ሰው ጂሜይል ራሱ እንዲከፍት አይጠበቅበትም። የሱቁ ልጅ በአንድ እጁ የስክሪኑን መስታወት እየለጠፈ በሌላው ይከፍትለታል። ፓስወርዱ የገዢው ስልክ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን የሚያውቅ ሁሉ ፓስወርዱን ስለሚያውቅ በችግር ቀን አስታዋሽ አይጠፋም። ያም ሆኖ ልጁ ጠንቃቃ ነውና ስም፣ ቁጥርና ፓስወርድ በደብተር ጽፎ ያስቀምጣል። ከዓመት በኋላ ስልኩ ሲንቀራፈፍ አንድ የሰፈር ባለሙያ የድምፅና የማብሪያ ቁልፎቹን አንድ ላይ ተጭኖ ውስጡ ያለውን ሁሉ ሙልጭ አድርጎ ያጠፋዋል። ስልኩ ተመልሶ ሲነሣ «በፊት የነበረውን የጉግል አካውንት አስገባ» ብሎ ድርቅ ይላል። ይህ መቆለፊያ በ2015 እ.ኤ.አ. ከአንድሮይድ 5.1 ጋር የመጣ፣ ለስልክ ሌባ የታሰበ ነው። በስልኩ ሴቲንግ በኩል ገብተው ይዘቱን ቢያጠፉት ኖሮ ነገሩ አይነሣም ነበር። ግን ያኔ ወደ ታይዋን የሚያስኬድ ምን ምክንያት ይኖራል?

«አቦ፣ ፓስወርዴ ምን ነበር?»

«በየትኛው ቁጥርህ ነው ያወጣሁልህ?»

«እኔ ምን አውቄ! ያንተ ሥራ አይደል?»

ደብተሩ ይገለጣል። የትኛው ትልቅ ኩባንያ ነው ደንበኛውን እንዲህ የሚያስተናግድ?

የሐረሩ ጀጎል ግንብ ከጥንት አምስት በር አለው፤ እያንዳንዱም የራሱ ስም። የጥንት ሐረሮች ምን እንዳደከማቸው እንጃ። የእኛ ጂሜይል፣ ፌስቡክና ቴሌግራም የሚከፈቱት በአንድ ቃል ነው። አንዱ ድረ ገጽ ተሰርቆ ኢሜይልህና ፓስወርድህ የወጣ ዕለት ሌባው ቁጭ ብሎ በእጁ አይሞክርም፤ ያንኑ ጥንድ በመቶ ቦታ የሚሞክርለት ፕሮግራም አለው። እኛም እንግዳ አናስቸግርም፤ በመጀመሪያው ሙከራ ይገባል።

የተማረው ክፍል ደግሞ ደብተሩን ንቆ ቴሌግራም ውስጥ ለራሱ ይልካል። ከራስ በላይ ማን ይታመናል? ያ ገጽ ሰርቨር ላይ የሚቀመጥ ተራ ቻት እንጂ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈው ምስጢራዊ ቻት አለመሆኑ፣ ተጨማሪው ፓስወርድ ካልተበጀለትም ሲም ካርዱን የያዘ ሰው በአንድ ኤስኤምኤስ ገብቶ ከላይ እስከ ታች ሊያነበው መቻሉ፣ ለምቀኛ ወሬ የሚሆን ዝርዝር ነው።

ከሁሉ በላይ መመስገን ያለበት ግን ፓስወርድ ማኔጀር፣ ማለትም ፓስወርዶችን ሁሉ በአንድ ዋና ፓስወርድ ቆልፎ የሚይዝ መተግበሪያ፣ የጫነው ጀግና ነው። ኪፓስ ዲኤክስን ስልኩ ላይ፣ ኪፓስ ኤክስሲን ላፕቶፑ ላይ በነጻ አወረደ። ሁሉም ፓስወርዶቹ መጠኗ ከአንድ የሰርግ ፎቶ በምታንስ ፋይል ውስጥ ተቆልፈው ገቡ። ፋይሏን የት አስቀመጣት? ስልኩ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ፣ አንዲት ብቻ። ከዚራ ሰፈር ላይ ባጃጅ ውስጥ ስልኩን ረስቶ የወረደ ሰው የዚህን መጨረሻ ያውቀዋል፤ እሱ ግን በሰው ያምናል።

ትንሽ የነቃው ፋይሉን በሲንክቲንግ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኘዋል። ሲንክቲንግ ፋይሉን መሃል ላይ ሰርቨር ውስጥ ሳያስቀምጥ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም ነው፤ ሁለቱም መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ እስከተከፈቱ ድረስ። የስልኩ ባትሪ ቆጣቢ ከጀርባ ሆኖ መተግበሪያውን እንዳይገድለው ካልተነገረው ግን ላፕቶፑ ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቀው ሟችን ነው። በዚያው ሳምንት ጀግናው ስልኩ ላይ አንድ፣ ላፕቶፑ ላይ ሌላ ፓስወርድ ይቀይራል። ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ ሲንክቲንግ አንዱን ፋይል ይመርጥና ሌላውን በስሙ ላይ «ሲንክ ኮንፍሊክት» የሚል ቃልና ቀን ጨምሮ ወደ ጎን ያኖረዋል። ጀግናችን «ይህ ቆሻሻ ከየት መጣ?» ብሎ ይሰርዘዋል። አዲሱ የጂሜይል ፓስወርድ የነበረው እዚያ ውስጥ ነው። በኪፓስ ኤክስሲ ዳታቤዝ ሜኑ ውስጥ ሁለቱን የሚያዋሕድ «መርጅ» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ እያንዳንዱን መዝገብ እያነጻጸረ አዲሱን ይይዛል። ግን ሜኑ ማን ይከፍታል?

እዚህ ላይ የሐበሻ ሰዓት ወዳጆችን ሳያመሰግኑ ማለፍ ነውር ነው። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ «3፡00» ሲል የሚናደዱና በእጃቸው ወደ 9፡00 የሚመልሱት ወገኖች፣ ስልኩን በ6 ሰዓት ወደ ትናንት እየገፉት ነው። ሲንክቲንግ ሲጋጭበት የሚያሸንፈው የቅርብ ጊዜ ማኅተም ያለው ፋይል ስለሆነ፣ አሁን የተቀየረው የስልኩ ፋይል አርጅቶ ይሸነፋል። የማረጋገጫ መተግበሪያው በየ30 ሰከንዱ የሚቀያይረው ባለ 6 አኃዝ ኮድም የሚሰላው ከስልኩ ሰዓት ነውና ጉግል ዘንድ ሲደርስ ከ6 ሰዓት በፊት የሞተ ኮድ ነው። የኢትዮጵያን ሰዓት የሚያሳይ መተግበሪያ ጭኖ የስልኩን ሰዓት በራሱ እንዲሞላ መተው ይቻላል። ይቻላል ብቻ።

ፓስወርዶቹን በኢንተርኔት አካውንት የሚይዘውን ሌላ ማኔጀር፣ ቢትዋርደንን፣ የመረጠው ደግሞ በእርጋታው ይለያል። «ሁሉም መሣሪያዬ ላይ እኩል የሚያደርገው ሲንክ አለ፣ ባክአፕ ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ሲንክ በእርግጥ ታማኝ ሎሌ ነው፤ ፓስወርድህን በስህተት ስትሰርዝ ስህተትህን ወዲያው ስልኩም ላፕቶፑም ታብሌቱም ላይ ያደርስልሃል። የተሰረዘው ቅርጫት ውስጥ 30 ቀን ይቆይሃል፤ ስህተቱን ያወቅኸው በ31ኛው ቀን ከሆነ ደህና ሰንብት። አንዳንዱማ ባክአፕም ያወጣል፤ ያውም የተቆለፈውን። ከሁለቱ የተቆለፉ ዓይነቶች ግን አይቶ ሳያይ በአካውንቱ የታሰረውን ይመርጣል። ያ ፋይል የሚከፈተው እዚያው አካውንት ውስጥ ነው። አካውንቱ የጠፋ ቀን ባክአፑም አብሮት ይቀበራል፤ ታማኝነት ማለት ይኼ ነው። ሌላ ቦታ የሚከፈተው የራሱ ፓስወርድ የሚሰጠው ነው።

«ይህ ሁሉ መቆለፍ ምንድነው?» የሚል ደግሞ ሲኤስቪ በሚባል ያልተቆለፈ ተራ የሠንጠረዥ ፋይል አውጥቶ በኤክሴል ይከፍተዋል። ፓስወርዱ ስልክ ቁጥሩ አልነበር? ኤክሴል በ09ም ይሁን በ07 የሚጀምረውን 10 አኃዝ ቁጥር መስሎት መሪዋን ዜሮ ያነሣታል፤ ሴቭ ሲደረግ 9 አኃዝ ይቀራል። መልሶ ሲያስገባው አንድም አይሠራም። እስከዚያው ድረስ ያልተቆለፈው ፋይል ዳውንሎድ ውስጥ ተኝቶ፣ ፊልም ሊገለብጥ የመጣን የጎረቤት ልጅ ይጠብቃል።

ዋናውን ፓስወርድ በፊደላችን ያደረጉትንስ? ይህ የአገር ፍቅር ነው። «ፀሐይ» ብለው ቆለፉ። በጸሎቱ ጸ ነው በፀሐዩ ፀ? በሐመሩ ሐ፣ በሃሌታው ሀ ወይስ በብዙኃኑ ኀ? ራብዖቹ ሲጨመሩ ይህች የሦስት ፊደል ቃል በ12 መንገድ ትጻፋለች፤ ለአንባቢ አንድ ናት፣ ለኮምፒውተር 12። ቢትዋርደንም ሆነ ኪፓስ «ረሳሁት» ለሚል የሚከፍት ትርፍ ቁልፍ የላቸውም። ቃሉ ልክ እንደተቆለፈበት ፊደል በፊደል ወረቀት ላይ ካልተጻፈ፣ መፍትሔው ከዜሮ መጀመር ነው።

ሙሉ ምስጋና እንዳይሆን አንድ ፈሪ ደግሞ እንውቀስ። ፈሪ ለእናቱ ነው ይባላል፤ ይህኛው ለፋይሉም ነው። ላፕቶፑ ላይ በሲንክቲንግ የፎልደሩ ሴቲንግ ውስጥ «ፋይል ቨርዥኒንግ»ን ያበራል፤ ከስልኩ አዲስ ፋይል መጥቶ በተካው ቁጥር አሮጌው እስከ 5 ቅጂ ድረስ እንዲቀመጥለት። ላፕቶፑ ላይ ራሱ ያበላሸውን ቨርዥኒንጉ እንደማያድንለት ስለሚያውቅ ኪፓስ ኤክስሲንም ከእያንዳንዱ ሴቭ በፊት ቅጂ እንዲያስቀር ያዘዋል። ወር በገባ ቁጥር ፋይሉን ቀን ጽፎበት በሁለት ፍላሽ ይገለብጣል። አንዱ ቤት ይቀራል፤ ሌላው ደንገጎን ወጥቶ ሐረር አክስቱ ዘንድ ይቀመጣል። የደቻቱ ወንዝ ከተማዋን ያጥለቀለቀበትን የ1998 ዓ.ም. ክረምት የሚያስታውስ ሰው ሁለቱን ቅጂ አንድ ቤት አያኖርም፤ በዚህ ላይ እኛም አንቀልድም። ስልኩ በሌለበት ለመግባት የሚያገለግሉትን የጉግልን 10 መጠባበቂያ ኮዶች ስክሪንሾት አንሥቶ እዚያው ስልክ ላይ በመተው ፈንታ በወረቀት ጽፎ፣ የተጠቀመበትን እየሰረዘ ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነውና። ይባስ ብሎ ፍላሹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ፋይሉ መከፈቱን ያረጋግጣል! በወር 15 ደቂቃ እንዲህ ይባክናል። በዚያ ጊዜ ስንት ነገር በተጨዋወትን።

ወደ ደብተሩ እንመለስ። የሞላ ደብተር መቼም አይጣልም፤ ልጁ አዲስ ይገዛና አሮጌው ለለውዝ ሻጯ ይሰጣል። የባቢሌ ለውዝ በገጽ በገጽ እየተጠቀለለ ከለገሃር እስከ ሳቢያን ይዳረሳል፤ ስም፣ ቁጥር፣ ፓስወርድ። በብዙ ቅጂ፣ በብዙ ቦታ፣ ያለ ኢንተርኔት።